የጀርባ ወዝ

ማለዳ የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ዘቢደር ጡቷን ከልጇ አፍ ቀስ ብላ ታላቅቃለች፣ ሕፃኗን ለእናቷ ለየሻረግ ታቀብላለች፣ ሻርፗን እየጠመጠመች ትወጣለች። የሻረግም የልጅ ልጇን አዝላ በሩ ላይ ቆማ፣ ልጇ ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር የቦርከናን ድልድይ ተሻግራ ከዓይኗ እስክትጠፋ ድረስ ታያታለች። ቀኑ ሁልጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነበር። ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ የሚቀረው የውኃ ጠብታ ድምፅ፣ ከፋብሪካው በኩል የሚመጣው የማሽን ጉርምርምታና የሕፃኗ ትንፋሽ ነው። ቤታቸው ሉባባ የምታከራየው የጓሮ ክፍል ሲሆን ያለችው አንዲት መስኮት በጎረቤት ግንብ ስለተጋረደች፣ ኮምቦልቻ በፀሐይ ስትነድድ እንኳ ውስጡ እንደ ጉድጓድ ጨለም ብሎ፣ የእርጥብ ሲሚንቶና የጨርቅ ሽታ አፍኖ ይይዛል። የሻረግ በዚያ ጨለማ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች የሕፃኗን ትንፋሽ ታዳምጣለች። ትንፋሹ ሲረዝም ትደነግጣለች፤ ሲያጥርም ትደነግጣለች። የሕፃን ነገር መቼም አይታመንማ።

ርብቃ ስትወለድም ትንሽ ነበረች። አባቷ ሳዑዲ ከገባ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፣ እናቷ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናት፣ ስለዚህ የልጅቷ ነፍስ በየሻረግ ጀርባ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ጤና ጣቢያ ወስደው ሚዛኑ ላይ ባንጠለጠሏት ቁጥር ቀስቱ እንደ ሰነፍ በሬ አልነሣ ይላል። የጤና ባለሙያዋ ደግ ልጅ ናት፤ ባለፈው ግን ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «እማማ፣ ዳግመኛ ስትመጡ ካልጨመረች ወደ ደሴ ነው የምልካት፤ እዚያ ትተኛለች» ብላ ነበር። ትተኛለች የሚለውን ቃል የሻረግ ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ታናሽ ወንድሟ በልጅነታቸው እንዲሁ ሲቀል፣ ሲቀል፣ አንድ ቀን አልጋ ላይ ካስተኙት በኋላ አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ የተኛ የታመመ ልጅ ማየት አትወድም፤ ልጅ ከሰው ገላ ከወረደ መንገዱን ያገኛል ብላ ታምናለች።

ለእንዲህ ዓይነት ልጅ የእናቷ ቤት አንድ ወግ ነበረው። ልጅ አልወፍር ሲል አያቲቱ ጀርባዋን ለጋ ቅቤ ተቀብታ፣ ያለ ልብስ፣ ሥጋ ለሥጋ በአንቀልባ ታዝለዋለች፤ ከላይ ጋቢ ይደረብባቸዋል። «ልጅ በጡት ይኖራል፣ በጀርባ ወዝ ይወፍራል» ይሉ ነበር። የአንቀልባው ቁርበት የአያቲቱን ወዝ ይጠጣና ለልጁ ያጠጣል፤ አሮጊቷ ትከሳለች፣ ልጁ ይፋፋል። የሻረግ ራሷ በዚህ እንደ ዳነች ነው የተነገራት። ከእናቷ የወረሰችው አንቀልባ ግን በኮምቦልቻ ሙቀት ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ማንገቻው ተበጥሶ ርብቃ ልትወድቅ ስትል በአንድ እግሯ ያዘቻት። ያን ዕለት ቤት ገብታ እስኪመሽ አለቀሰች።

ዘቢደር ከፋብሪካው አንድ ቁራጭ ያመጣችው በዚያ ሳምንት ነው። ጠቅልላ በፌስታል ይዛው ነበር፤ ስትዘረጋው እንደ በግ ሞራ ነጣ፣ ገርጣ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ብርሃን በከፊል የሚያሳልፍ ነገር ነው። 

«ሰርቀሽ እንዳይሆን፣ አንቺ ልጅ።»

«ኧረ እማዬ! በር ላይ ፈትሸው ነው ያሳለፉኝ። ለሻንጣ ይሆናል ተብሎ ለናሙና የመጣ ነው፤ ጠርዙ ተበላሸና ተጣለ። እስቲ እዪው።»

ቢላ አንሥታ ጥጉን ቆረጠችው። ቁራጩን ለእናቷ አሳየቻት፣ ወደ ቦታው መለሰችው፣ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ቆየችና ለቀቀች። የተቆረጠበት አልታወቀም። የሻረግ ወደ በሩ ወስዳ በብርሃን አየችው፣ በጥፍሯ ፋቀችው፣ ጎተተችው። የለም።

«አሠልጣኙ ምን አለን መሰለሽ፤ ውስጡ ዓይን የማያያቸው ብዙ ትናንሽ እጆች አሉ። ተጨባብጠው ነው የሚኖሩት። ስትቆርጪው ይላቀቃሉ፣ ስታገናኚው ተመልሰው ይጨባበጣሉ። ሙጫ የለ፣ ክር የለ፣ እሳት የለ።»

«እጅ ካላቸው ዓይንም አላቸው በይኛ» አለች የሻረግ እየሳቀች።

«ዓይንማ የላቸውም፤ ያገኙትን ነው የሚይዙት።»

ሁለቱም ሳቁ።

በማግስቱ የሻረግ ደጁ ላይ ተቀምጣ ቁራጩን አዲስ አንቀልባ አድርጋ ልትሰፋ ሞከረች። በወስፌ በሳችው፤ ወስፌውን ስትነቅለው ቀዳዳው ዓሣ አፉን እንደሚገጥም ቀስ ብሎ ገጠመ። ደግማ በሳች፣ ደግሞ ገጠመ። ርብቃ ስታለቅስባት ወስፌውን እንደተሰካ ትታ ተነሣች፤ ስትመለስ ወስፌው ከነመያዣው ተነክሶ ስለነበር ቁራጩን በእግሯ ረግጣ በሁለት እጇ ነበር የነቀለችው። ሲወጣ እንደ መሳም ድምፅ አሰማ፤ ብረቱም ላብ ላብ ብሎት ነበር። 

ሉባባ ከኩሽናዋ በር ላይ ሆና ታያታለች። ሉባባ የግቢው ባለቤት ናት፤ አፏ አያርፍም፣ እጇ ግን ደግ ነው።

«እትዬ የሻረግ፣ በፕላስቲክ ልታዝያት ነው? ነገ ደግሞ በፌስታል አንጠልጥያት!»

«አንቺ ምን አለብሽ፤ ያንቺዎቹ ጎረምሶች በር አይበቃቸው።»

«የኔዎቹ የወፈሩት በአንቀልባ መሰለሽ? በገንፎ ነው፣ ወላሂ!»

መስፋት እንደማያስፈልግ የሻረግ ቆይታ ነው የገባት። ማንገቻዎቹን ቆርጣ ጫፋቸውን ከዋናው ቁራጭ ጋር ማጣበቅ ብቻ ነበር ሥራው። አንደኛው ማንገቻ በትከሻዋ ላይ፣ አንደኛው በብብቷ ሥር ዞሮ ደረቷ ላይ ይገናኛሉ፤ ጫን ሲሏቸው አንድ ይሆናሉ። ስታወርዳት ደረቷ ላይ ያለውን በቢላ ትቆርጠዋለች፣ ስታዝላት መልሳ ትጫነዋለች። እንደ ወጉ ጀርባዋን ቅቤ ተቀብታ ጀመረች፤ ግን ቅቤው የነካው ሁሉ አልያዝ አለ፣ ማንገቻው እየተንሸራተተ ልጅቷን ሊጥልባት ሆነ። ዘቢደርም ስትሰማ፣ «ቅባት ያበላሸዋል እማዬ፣ ንጹሕ ገላ ነው የሚወደው» አለቻት። ስለዚህ የሻረግ ጀርባዋን በሳሙና አሽታ ታጠበች፤ ቅቤው ቀረ፣ ሥጋ ለሥጋው ብቻ ቀጠለ።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር ደስ ያሰኝ ነበር። ርብቃ ጀርባዋ ላይ ስትወጣ ለቅሶዋን ታቆማለች፤ አንቀልባው አይንሸራተት፣ አይቆረቁር፣ ከሁለቱም ገላ ጋር ተስማምቶ ይሞቃል። የሻረግ ልብስ እያጠበች፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ በጨለማው ክፍል እየተንጎራደደች ትውላለች፤ የልጅቷ ጉንጭ ማጅራቷ ላይ ይለጠፋል። ሕፃን ካላለቀሰ ምን ይፈለጋል? ትላለች ለራሷ። ግን ደግሞ ዝምታው ሲበዛ ትሰጋና በጣቷ እግሯን ትነካካለች። እግሯ ይሸሻል። ዓይኖቿም ክፍት ናቸው፤ ዝም ብላ ታያለች።

ሽታው ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ቁራጩ ሲመጣ የጎማ ጫማ ሱቅ ይሸት ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ያ ጠፍቶ፣ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው አፍ የሚሸተውን ዓይነት ለብ ያለ፣ ጎምዘዝ ያለ ነገር ተተካ። የሻረግ በሳሙና አጠበችው፣ በሎሚ አሸችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። እሑድ ፀሐይ ላይ በዋለ ጊዜ አንዲት ዝንብ አረፈችበትና እግሯ ተያዘ። ልትነቅላት ስትል ዘቢደር ጠራቻትና ተወቻት። ስትመለስ ዝንቧ በላዩ አልነበረችም፤ በውስጡ ነበረች፣ ክንፎቿን እንደ ዘረጋች፣ በደመና ውስጥ እንዳለ ነገር ደብዝዛ። በማግስቱ ክንፎቿ ብቻ ቀሩ። በሦስተኛው ቀን የሻረግ ፈልጋ አጣቻት። ምራቋ አፏን ሞላው፤ ወጥታ ተፋች። ለዘቢደር ግን አልነገረቻትም። ልጇ ያመጣችው ነገር ነው፣ ደስ ብሏት ያመጣችው፤ ደግሞስ ምን ብላ ትንገራት፣ ዝንብ ጠፋብኝ ልትል ነው?

ከዚያ ወዲህ ከምስማሩ ላይ በተንጠለጠለ ጊዜ ዓይኗ ወደሱ ይሄዳል። በጨለማው ጥግ ነጭ ሆኖ ይታያል። በፊት በኩል የልጅቷን ሆድና ጭን ቅርጽ፣ በኋላ በኩል የሷን የጀርባ አጥንትና የትከሻ ጉድጓድ ይዞ፣ ሁለት ሰው ገላውን አውልቆ የሰቀለ ይመስል ነበር። ጠዋት ልታነሣው ስትነካው ለብ ያለ ነው፤ ሌሊቱን ማንም ሳያዝልበት። ከግድግዳው ስታላቅቀው ቀለሙን አብሮ ይልጣል፤ ከጀርባዋ ስታወርደውም እንደ ተጣበቀ ላስቲክ ሳይሆን እንደ ምላስ፣ ጭጭጭ እያለ፣ እየሳበ ይለቃታል። የቆዳዋ ጠጉሮች፣ የልጅቷ ጭን ላይ የነበረው ለስላሳ ፀጉር፣ ሁሉ ውስጡ ገብቶ በእርጎ ውስጥ እንደ ወደቀ ፀጉር ተጠማዝዞ ይታያል። ቢላውንም አልወድ እያለ መጣ። ደረቷ ላይ ስትቆርጠው የቆረጠችው ከኋላ ይገጥማል፤ ሳትጨርስ መጀመሪያው ድኖ ያገኛታል፤ ስለዚህ ፈጠን ፈጠን ማለት ለመደች።

ምግብ አልወርድ አላት። ዘቢደር ከፋብሪካ ስትመለስ ሙዝና ዳቦ ትገዛላታለች፤ የሻረግ ጎርሳ ትተዋለች። «ጠግቤአለሁ» ትላለች፤ እውነቷንም ነው። ሐሳብ ሆዴን ሞላው፣ ትላለች ለራሷ፤ የልጅ ሐሳብ ያጠግባል። ሉባባ ግን አንድ ቀን ውኃ ስትቀዳ ቆም ብላ አየቻት።

«ምን እየበላሽ ነው፣ እትዬ? ጉንጭሽ ሞልቷል። ተረከዝሽን እዪው፣ ንቃቃቱ የት ሄደ? ልትድሪ ነው እንዴ?»

«አንቺን ልዳርሽ፣ ባለጌ።»

«ወላሂ ሙሽራ መስለሻል። ለኔም ከዚያ ፕላስቲክ ቁረጪልኝ!»

የሻረግ ሳቀች፤ ከዚያ ግን ጋቢዋን ሰብሰብ አድርጋ ገባች። ለሉባባ መቁረጡን ማሰቧ ብቻ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ እንደ ማቅለሽለሽ አደረጋት። ርብቃ ያን ሰሞን የእናቷን ጡት ስትጠባ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የጉጉት ነበር፤ ትጎርሳለች፣ ትውጣለች፣ ሁለቱንም ታደርቃለች፣ ከዚያ አሁንም አፏን ከፍታ ትፈልጋለች። ዘቢደር «ምንስ ሆድ ነው ያላት!» ትላለች፣ ደስ ብሏት። የሻረግ ግን የልጅቷን ክንድ በጣቷና በአውራ ጣቷ ከበብ አድርጋ ስትይዝ ጣቶቿ ቀድሞ ከሚገናኙበት አልፈው ይገናኙ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሚዛኑ ላይ አንጠለጠሏት። የጤና ባለሙያዋ ቀስቱን አየች፣ ልጅቷን አወረደች፣ ሚዛኑን አስተካክላ ደግማ አንጠለጠለቻት። ፊቷ ተቀየረ።

«ቀንሳለች እኮ፣ እማማ። ትጠባለች ነው ያላችሁኝ?»

«ጡት አይበቃትም እንጂ!» አለች ዘቢደር። «የምትጠባውን ብታይ...»

«ታዲያ የት ይገባል?» አለች ባለሙያዋ፤ መልሳም ድምፅዋን አለሳለሰች። «የሚቀጥለው ሳምንት ታመጧታላችሁ። ያኔ ካልጨመረች ምንም ልሰማችሁ አልችልም፣ ደሴ ናት።»

ቤት ሲደርሱ የሻረግ ልጅቷን ተቀበለቻት፣ ልብሷን አወለቀችላት፣ የራሷንም ቀሚስ እስከ ወገቧ አወረደች፣ አንቀልባውን ከምስማሩ አነሣች። እየሸተታት ነበር፤ እየጠላችውም ነበር። ግን ምን ሌላ ነገር አላት? እናቷ ያወቀችው፣ አያቷ ያወቀችው ይህንኑ ነው፤ ልጅ ሲቀል ከገላ አታውርዱ። ማውረዱ ነው ስሕተቱ፣ አለች ለራሷ፤ ቶሎ ቶሎ እያወረድኩ ነው ወዜ ያልገባላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ርብቃን የምታወርዳት እናቷ ልታጠባት ስትመጣ ብቻ ሆነ። 

ዝናቡ የወረደ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የቆርቆሮው ጣሪያ እንደ ከበሮ ሲመታ ዋለ፤ ከጓሮው የጎርፍ ሽታ፣ ከክፍሉ ውስጥ ያ የአፍ ሽታ ተቀላቅሎ አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊቷ ላይ ይለጠፋል። ግድግዳው አይታይም። የሻረግ በጨለማው ውስጥ እየተንጎራደደች «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» ትላለች፤ የልጅቷን ትንፋሽ ታዳምጣለች። የሰማችው ግን ልክ ያልሆነ ትንፋሽ ነበር። እሷ ስታስገባ ልጅቷ ታስገባለች፣ እሷ ስታወጣ ልጅቷ ታወጣለች። የሻረግ ትንፋሿን ያዘች። ከኋላዋም ጸጥ አለ። ፈራችና ቶሎ ለቀቀችው፤ ማጅራቷ ላይ ለብ ያለ አየር ፈሰሰ።

«ላውርድሽ፣ የኔ እናት፣ ላውርድሽ» አለች። ቢላዋን ዳብሳ አገኘችና ደረቷ ላይ ያለውን ቆረጠችው። ማንገቻዎቹ ወደ ግራና ቀኝ ወደቁ። እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ኋላ ልካ ልጅቷን ደገፈቻት፣ አንቀልባው እስኪለቅቃት ጠበቀች። አልለቀቃትም። ሳበችው። ጀርባዋ ሁሉ አብሮ ተሳበ፣ እስከ አንገቷ ድረስ። ጠርዙን ፍለጋ ጣቷን በጎድን አጥንቶቿ ላይ አስሄደች፤ ቆዳዋን ዳበሰች፣ ቆዳዋን፣ ቆዳዋን፣ ከዚያም የልጅቷን ጭን። በመካከል ምንም ጠርዝ አልነበረም።

«ሉባባ!» ብላ ጮኸች። «ሉባባ፣ ድረሽልኝ!»

ሉባባ ባትሪ ይዛ በዝናብ ውስጥ ሮጣ መጣች። «ምን ሆንሽ? እባብ ነው?» እያለች ጋቢውን ገለጠች። ከዚያ ዝም አለች። የሻረግ ሉባባ ዝም ስትል ሰምታ አታውቅም።

«ምን አየሽ? ንገሪኝ እንጂ!»

«ምንም... ምንም አይደል፣ እትዬ። ቁጭ በይ ብቻ። ግድግዳውን ግን እንዳትደገፊ።» ሉባባ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ወደ በሩ ሄደች፤ ከደጅ ስታስታውክ ተሰማት።

ዘቢደር ከሥራ ስትደርስ ዝናቡ አባርቶ፣ ከደመናው ሥር ቢጫ ብርሃን ወጥቶ ነበር። ሉባባ በሩ ላይ ይዛ ነገረቻትና ሁለቱ የሻረግን ወደ ብርሃኑ፣ ደጃፉ ላይ አውጥተው በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ዘቢደር አልጮኸችም። ምላጭ አስመጣችና በልጇ ሆድና በእናቷ ጀርባ መሃል፣ ነጭ የሚመስለውን ፈልጋ ቆረጠች። ምላጩ ገባ፤ ከኋላው የከፈተው እንደ አፍ ገጠመ። ደግማ ቆረጠች፣ ደግሞ ገጠመ። 

«አይሆንም! አልለቅ አለ!»

«እጅ አለው አላልሽኝም?» አለች የሻረግ፤ ማልቀስ ጀምራ ነበር። «ያገኘውን ይይዛል አላልሽኝም?»

ዘቢደር ድንገት ቀና አለች። «ዱቄት!» አለች። «ፋብሪካ ውስጥ በየድርብርቡ መሃል ዱቄት እንነሰንሳለን፣ እንዳይያያዝ። ሉባባ፣ አመድ፣ ከምድጃሽ አመድ አምጪልኝ፣ የተነፋ!»

ሉባባ አመድ በወንፊት ነፍታ አመጣች። አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ በቆረጠችው ስንጥቅ ውስጥ አመድ ትነሰንሳለች። አሁን አልገጠመም። የተቆረጠው ፊት ግራጫ ሆኖ ከንፈሩን እንደ ገለጠ ቀረ፤ በውስጡም ፈትል የመሰሉ፣ ከማር ሰፈፍ እንደሚጎተት ማር ቀጫጭን ሆነው የሚሳቡ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ያላቸው ነገሮች ነበሩ፤ ሲሳቡ ይቀጥናሉ፣ ሲበጠሱ ወደየመጡበት ይሰበሰባሉ። ሞቃት ነው። ይሸታል። ሉባባ ፊቷን እያዞረች «አዑዙ ቢላህ፣ አዑዙ ቢላህ» ትላለች። ዘቢደር መጀመሪያ በእናቷ ጀርባ በኩል ያለውን ለቀቀች፤ የሻረግ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች፣ ነገር ግን ምንም አልተሰማትም፤ ጥፍር እንደ መቁረጥ ነበር። ከዚያ ዘቢደር ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ሆዷ ላይ የቀረውን ከጠርዙ መላጥ ስትጀምር የሻረግ ከበርጩማዋ ላይ ተጠማዝዛ ጮኸች።

«ሆዴን! ኧረ ሆዴን!»

«እማዬ፣ አንቺን እኮ አልነካሁሽም፤ ከሆድሽ ማን ደረሰ? ድንጋጤ ነው፣ በቃ፣ እየጨረስኩ ነው።»

ርብቃ አላለቀሰችም። እናቷ ከሆዷ ስትልጥ እሷ ሰማዩን ታይ ነበር።

የመጨረሻው ልጣጭ ሲለቅ ሉባባ በሳፋ ተቀበለችው። ሳፋው ውስጥ የተቆራረጡት ቁራጮች አመድ ያልነካቸውን ጎን እየፈለጉ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ተኛ ሰው እየተገላበጡ ሲጠጋጉ ሦስቱም አዩ። ሉባባ ጊዜ አልሰጠችውም፤ ላምባ አርከፍክፋ ከጓሮው ወስዳ ለኮሰችው። ጭሱ ወደ ግቢው ሲመለስ የላስቲክ ሽታ አልነበረውም፤ በዓመት በዓል ሰሞን የሚጠበስ የበግ ጭንቅላት ይሸት ነበር። የሻረግ ጭሱ ቢገባባትም ዓይኗን ከእሳቱ አላነሣችም፣ የመጨረሻዋ እፍኝ አመድ እስክትሆን ድረስ።

ከዚያ ሁሉ በኋላ የመጣው ጸጥታ ጣፋጭ ነበር። ውኃ አሞቁ። ርብቃን አጠቧት፣ እያገለባበጡ አዩዋት፤ ሆዷ ላይ፣ ጭኗ ላይ፣ አንድ ጭረት፣ አንድ ጠባሳ የለም። ሉባባ የየሻረግን ጀርባ በፎጣ አበሰችና፣ «ሱብሐን አላህ፣ እንደ ልጅ ገላ ነው» አለች። የሻረግ «ደሴም ሆነ የት ውሰዷት» አለች፤ «እኔ እንግዲህ አላዝላትም። በእጄም አልነካት። እሷ ትትረፍልኝ እንጂ እኔ ምን አለኝ!» ዘቢደር የእናቷን ጉልበት መታ መታ አድርጋ፣ «አለቀ እኮ፣ እማዬ። ተነቅሎ ተቃጠለ። አሁን ትወፍራለች» አለቻት። ሉባባ አጥሚት ሠርታ አመጣች፤ የሻረግ ግን አልጠጣችውም፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር፣ ቢሆንም አልራባትም።

በደጃፉ በኩል የገባው የማምሻ ብርሃን ዘቢደርን አለበሳት። ልጇን አቅፋ ጡቷን አወጣች፣ ርብቃም እንደ ተጠማ ሰው ይዛ ጠባች፤ ጉሮሮዋ ሲውጥ፣ ሲውጥ፣ በጸጥታው ውስጥ ይሰማል፣ ዘቢደርም «ተመስገን፣ እዪያት፣ እንዴት እንደምትጠባ እዪያት» እያለች በእንባዋ መሃል ትስቃለች። የሻረግ ከክፍሉ ማዶ፣ ልጅቷን እንዳትነካት እጆቿን በጭኗ መሃል ደብቃ፣ አፈር መደቡ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች፤ ለብዙ ሳምንት ያላገኘችው ሰላም በደረቷ ውስጥ ሞቅ እያለ ወደ ሆዷ ሲወርድ ይሰማታል። ጡቱ ደረቀ። ዘቢደር ልጇን ወደ ትከሻዋ አወጣቻት፣ ጀርባዋን በመዳፏ ቸብ ቸብ አደረገችላት፤ ማዶ የተቀመጠችው የሻረግም አገሳች፣ አፏንም ለብ ያለ የጡት ወተት ሞላው።